ጋሽ ፍሬን ቁልቁለቱን ሲወርዱ

ጋሽ ፍሬን ማለት በሠላሳ ዓመት የተሽከርካሪ ምርመራ አገልግሎታቸው የገዛ ወንድማቸውን መኪና ሳይቀር «ታግዷል» የሚል ቀይ ወረቀት የለጠፉበት፣ ጉድለት ሳያገኙ እንቅልፍ የማይወስዳቸው፣ ቀዩ ወረቀት ዛሬም ከኪሳቸው የማይጠፋ የስልሳ ስምንት ዓመት ጡረተኛ ናቸው። ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው ሾፌሮች ናቸው፤ በፍቅር ግን አይደለም።

ከአዋላጅ ባለቤታቸው ጋር ለዓይን ክሊኒክ ርዳታ ለማሰባሰብ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በብስክሌት ሊጓዙ ተነሡ። ሁለቱም ከብስክሌታቸው ሳይወርዱ የመጨረሻውን መስመር ካላለፉ ለጋሾቹ ቃል የገቡትን ገንዘብ አይሰጡም።

ጋሽ ፍሬን በየማለዳው ከሚስታቸው ብስክሌት ሥር ይንበረከካሉ።

«ይኼው፣ ፍሬኑ ላልቷል! እኔ ባልኖር ምን ይውጥሽ ነበር?»

«ቁርሴን በሰላም እበላ ነበራ!»

በአሥረኛው ቀን የመጨረሻው ቁልቁለት መጣ። ሚስት በዝግታ ወርደው መስመሩን አለፉና ቆሙ። ጋሽ ፍሬንም አለፉ፤ መቆሙ ግን አልሆነላቸውም። ጭብጨባውንና የክሊኒኩን ዳይሬክተር አልፈው፣ ኮርቻቸው ላይ እንደተቀመጡ ከጭድ ክምር ውስጥ ተሰኩ።

ሚስት የባላቸውን ብስክሌት አገላብጠው አዩ። የፍሬኑ ጎማ አልቆ ብረቱ ብቻ ቀርቷል።

«የራስህን መቼ ነው ያየኸው?»

«የእኔንማ አውቀዋለሁ ብዬ…» አሉ ጋሽ ፍሬን፣ ጭድ እየተፉ።

ሚስት ከባላቸው ኪስ ቀዩን ወረቀት መዘዙና ኮርቻው ላይ ለጠፉት።