ባለቤቴ የምትጠብቀው ትንፋሽ

የሚጥል በሽታ ያደረብኝ ገና ተማሪ ሳለሁ ነው። ሞላሌ ከተማ የሒሳብ አስተማሪ ሆኜ ከገባሁ በኋላ ኪኒኔን ጠዋትና ማታ ሳላቋርጥ እየዋጥኩ ሦስት ዓመት ጤነኛ ሆኜ ቆየሁ። ከዚያ አንድ ቀን ሰሌዳው ፊት ጣለኝ።

ስነቃ የጎረቤት ክፍል አስተማሪዋ ክብሪት ጭራ ጭሱን አፍንጫዬ ሥር ይዛለች። ተማሪዎቹ ከበው ያዩኛል። ማፈር ነበረብኝ፤ ግን ምንም አልተሰማኝም። ሱሪዬን አራግፌ፣ "የት ላይ ነበርን?" አልኳቸው።

በዚያ ሰሞን እንቅልፍ እንቢ ብሎኝ ነበር። ሲወስደኝም አያሳርፈኝም፤ ጠዋት አፌ ደርቆ፣ ራሴን እየፈለጠኝ እነሳለሁ። ቀን ደብተር ሳርም እስክሪብቶ እንደያዝኩ ያሸልበኛል። እናቴ መድኃኒቱን ትቼ ጸበል እንድገባ ለመነችኝ። ጸበሉንም ገባሁ፣ ኪኒኑንም አልተውኩም። በወሩ ሁለት ጊዜ ደገመኝ።

ከባለቤቴ ጋር ጤና ጣቢያ ሄድን። ወጣቱ የጤና መኮንን ስለ መድኃኒቱ ጠይቆኝ ሲጨርስ፣ "መምህር፣ እንቅልፍዎስ?" አለኝ።

"ደህና ነው።"

"ኧረ ደህና አይደለም!" አለች ባለቤቴ። "ያንኮራፋና ድንገት ጭጭ ይላል። ትንፋሹ ይቆማል። ስነቀንቀው ከውኃ እንዳወጡት ሰው አየር ይስባል። እሱን ስጠብቅ እኔም አልተኛም።"

ዞሬ አየኋት። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"ጭራሽ መተኛት ትፈራለህ ብዬ ነዋ።"

የጤና መኮንኑ የምንነግረውን መጻፍ አቁሞ ነበር። "እንቅልፍ ሲጓደል በሽታው ይቀሰቀሳል" አለኝ። "ትንፋሽዎ እየተቆራረጠ ከሆነ ተኝተውም አላረፉም ማለት ነው።" ወደ ደብረ ብርሃን ላከኝ።

እዚያ ያየኝ ሐኪም በጎኔ እንድተኛ፣ ክብደት እንድቀንስ፣ ማታ ጠላ እንዳልቀምስ፣ የእንቅልፍ ኪኒንም በራሴ ፈቃድ እንዳልገዛ አዘዘኝ። ሌሊቱን ሙሉ ትንፋሽ የሚለካው ምርመራ ያለው አዲስ አበባ ስለሆነ ወረፋ አስያዘኝ። ባለቤቴ ጨርቅ ጠቅልላ እንደ ኳስ አደረገችና ለብሼው ከምተኛው ሹራብ ጀርባ ላይ ሰፋችው፤ በጀርባዬ ስንጋለል ይቆረቁረኛል።

ወረፋው ገና አልደረሰኝም። ከዚያ ወዲህ ግን የጣለኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ቤት ውስጥ። ማንኮራፋቱ ጨርሶ አልተወኝም፤ ጭጭ የምልበት ግን ቀንሷል ትላለች። ሰው "እንኳን ማረህ" ሲለኝ "ተመስገን" እላለሁ። ደስታው እስኪሰማኝ እጠብቃለሁ፤ እስካሁን አልመጣም።

ባለፈው እሑድ ቅዳሴው ሲጀመር ባለቤቴ አልነቃችም ነበር። ሁልጊዜ እኔን የምትቀሰቅሰኝ እሷ ናት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ አፏን ከፈት አድርጋ ተኝታለች። አልቀሰቀስኳትም። ብርድ ልብሱን ትከሻዋ ላይ ሳብ አደረግኩላትና ብቻዬን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ።