ለክትባት የተጠየቀ ይለፍ

ጥቅምት 14 ቀን 1972 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነቀምቴ፣ ጨለለቂ በሚገኘው ቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ ይዤ ቀረብሁ። ማመልከቻው የታላቅ እህቴና የእኔ ነበር፤ እህቴን የደም ካንሰር ይዟታል። አዲስ አበባ ያሉት ሐኪሟ፣ የምትወስደው ክኒን ደሟን ለጊዜው ባረጋጋበት ወቅት ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠውን ክትባት ሊሞክሩላት አስበዋል፤ የሰውነቷ መከላከያ ነቅቶ የተረፈውን በሽታ እንዲዋጋ። ዋስትና እንደሌለው አልደበቁንም። እስከ ሰኞ ካልደረሰች ግን ሕመሙ እንዳይቀድመን ይሰጋሉ። ያለ ቀበሌ ይለፍ ደግሞ ኬላ አይታለፍም።

የተማርሁት የላቦራቶሪ ሙያ ያዩትን በትክክል መጻፍ ነው። ስለዚህ የጉዞው ምክንያት በሚለው ቦታ «የደም ካንሰርን በክትባት ለማከም» ብዬ ጻፍሁ። ጥፋቴ ይኸው ነው።

ሊቀመንበሩ በኦሮምኛ የቤተሰቡን ጤና አንድ በአንድ ጠይቀው ሲያበቁ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡ። ከዚያም በአማርኛ፣ ክትባት እዚሁ ጤና ጣቢያ እያለ አዲስ አበባ ድረስ ምን እንደሚያስኬድ ጠየቁኝ። አስረዳሁ። የሚከተበው ጤነኛ ነው፣ የታመመ መድኃኒት ይወስዳል አሉ። ደግሞስ ባለፈው ዘመቻ ሰፈሩ በሙሉ ተከትቦ የለም? የማመልከቻውን ጀርባ ገልብጬ የደም ሴሎችን ሣልሁላቸው። ሥዕሉን አደነቁ። ክትባቱ እዚህ እንደማይሰጥ የሚገልጽ ደብዳቤ ከጤና ኃላፊው እንዳመጣ አዘዙኝ፤ ኃላፊው ግን አርጆ ከተማ ለስብሰባ ሄደው እስከ ማክሰኞ አይመለሱም።

ልወጣ ስል፣ ሴት በአክብሮት በምትጠራበት የኦሮምኛ ቃል ጠርተውኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አዴ፣ ለቅሶ ቢሆን ኖሮ አሁኑኑ እፈርም ነበር። ለቅሶ ማን ይከለክላል?»

ቀኑን ሙሉ ስበግን ዋልሁ። ሞትን ለመከላከል የማይሰጥ ይለፍ ሞት ከመጣ በኋላ ያለ ጥያቄ ይሰጣል ማለት ነው። ማታ ለእህቴ ስነግራት እስኪያስላት ሳቀች።

«ታዲያ አንድ ሰው እንግደላ» አለች። «እኔን እንዳትጽፊ ብቻ፤ አንቺ እንደሆንሽ ውሸት አትወጂም፣ እስክሞት ጠብቀሽ እውነት ታደርጊዋለሽ።»

እኔ አልሳቅሁም። በሐሰት የሰው ሞት አልጽፍም፣ ሟርት ነው አልኋት። አልጋዋ ላይ ተጋድማ ጥቂት ካሰበች በኋላ፣ አዲስ አበባ ያረፉትን አክስታችንን አስታወሰችኝ። ካረፉ ሁለት ዓመት አልፏል፤ በእሷ ሕመም ምክንያት ለቅሷቸውን አልደረስንም። ያልተደረሰ ለቅሶ ደግሞ ዓመት ቢቆጠርም ዕዳነቱ አይቀርም፤ ልጆቻቸው እስከ ዛሬ ይቀየሙናል።

ዓርብ ጠዋት ይህን ወሰንን፦ አዲስ ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ ምክንያቱ «የአክስታችንን ለቅሶ ለመድረስ» ይሆናል፤ ያረፉበት ዓመት ካልተጠየቅሁ አይጻፍም። እህቴ ጥቁር ነጠላዋን ትለብሳለች፤ የሐኪሙን ደብዳቤና ክኒኑን እኔ እይዛለሁ። አዲስ አበባ ስንደርስም በመጀመሪያ ሐኪሙ ዘንድ፣ ቀጥሎ ለቅሶ ቤት እንሄዳለን።