ዘይነብ በግድግዳው ላይ ያየችው

ያን ቀን የነበርነው እኔ፣ ልጄ ዘይነብ፣ አማቴ፣ የበርታዋ ጎረቤታችን አስያ እና ሕመምተኛን በጋለ ብረት የሚተኩሰው አወል ነን። ባሌ ለንግድ ርቆ ሄዶ ነበር።

የዘይነብ ሕመም የጀመረው ዓይኗን ሲያሳክካት ነው። ከዚያ አበጠ፤ መገለ። ከነጋዴዎች ጋር በአሶሳ ያለፈ አንድ ሐኪም አያት። የዓይን ቁስለትን በዓረብኛ ረመድ ይለዋል።

«ረመድ ነው። ከብርሃን ከልያት። አፍልተሽ ባበረድሽው ውሃ እጠቢያት። ብረት እንዳታስነኪያት» ብሎኝ ወደ ሆሞሻ ሄደ።

በሩን በቁርበት ጋረድኩት። ቁርበቱ ላይ ብል የበሳት አንዲት ቀዳዳ ነበረች።

ቶሎ አልተሻላትም። አማቴ አወልን አስጠሩ። ግቢው ውስጥ እሳት አነደደ።

«እማዬ፣ ሰውየው ግድግዳው ላይ ተዘቅዝቆ እሳት ያራግባል» አለች ዘይነብ።

«አለቀላት! ዓይኗን ጂን ገለበጠው» አሉ አማቴ።

ብረቱ ቀላ። ያለችውን ልይ ብዬ አጠገቧ ተጋደምኩ። ነጭ አፈር የተቀባውን ግድግዳ አየሁ። አወል በጭንቅላቱ ቆሟል። እሳቱ ወደ ታች ይነድዳል። ተነሥቼ ቀዳዳዋን በጣቴ ደፈንኩ። ጠፋ። ጣቴን አነሣሁ። ተመለሰ፤ ለካ በቀዳዳዋ የሚገባው ብርሃን ነው የግቢውን ሁሉ ገልብጦ ግድግዳው ላይ የሚጥለው።

አወል ብረቱን ይዞ ገባ። ፊቱ ቆምኩ።

«እኔም አይቻለሁ። የሚያይ ዓይን የሚተኮስ ከሆነ ከእኔ ጀምር!»

«ሴትዮ፣ ዞር በይ፤ ብረቱ ይበርዳል።»

«ይብረድ!»

ቀዳዳዋን ስደፍንና ስከፍት ያየችው አስያ ሮጣ ወጥታ ግቢው መሃል ቆመች። «ዘይነብ! እኔ አሁን ምን ይሠራል?» ብላ በተሰባበረ አማርኛዋ ጮኸች።

«እጅሽን አነሣሽ። ደግሞ መጨፈር ጀመርሽ!»

አወል ጎንበስ ብሎ ወደ ግድግዳው ተመለከተ። አስያ እግሯን ወደ ጣሪያ ሰቅላ ትወዛወዛለች። ሳቁ አመለጠው።

«ወላሂ፣ እኔንም እንዲህ ዘቅዝቃችሁ ስታዩኝ ነበር?» አለና ብረቱን እንስራ ውሃ ውስጥ ነከረው።

አማቴ አልተረቱም። «ጂን ነው እንጂ!» አሉ።

«ጂንም ከሆነ ልጄ አይታዋለች» አልኳቸው።

ከዚያ ወዲያ ጠዋትና ማታ ዓይኗን እያጠብኩ፣ እሷም ወደ ግቢያችን የገባውን ሰውና ፍየል ሁሉ ከግድግዳው እያየች እየነገረችኝ፣ እብጠቱ ቀስ በቀስ ጎደለና አንድ ቀን ቁርበቱን አንሥቼ ደጃፍ አስቀመጥኳት። ግራ ዓይኗ ላይ ትንሽ ጠባሳ ቀርቷል፤ ቢሆንም መርፌ ላይ ክር ራሷ ታስገባለች።

አልሐምዱሊላህ። አስያንም አላህ ይስጥልኝ።

ልጅሽ የታመመችብሽ እናት፣ ዓይኗን የጠረግሽበትን ጨርቅ ሌላ ልጅ አትንኪበት፤ እጅሽን ታጠቢ። የማይሆን ነገር አየሁ ካለችሽ አጠገቧ ተኝተሽ እይ። ብረት ይዞ የመጣውን ግን ዘመድሽ ቢሆንም ከደጅ መልሺው።

ሐኪሙ ከሆሞሻ ወዲያ የት እንደ ደረሰ አልሰማንም። ዳለቻ በቅሎ ይጋልባል፤ አማርኛውን ከዓረብኛ ይቀላቅላል። ያየው ሰው ካለ ደህና መሆኑን ይላክልኝ።