ለጎረቤት የሚጫር እሳት

ወንድሜ ከአሰንዳቦ የመጣው እናታችንን ሊወስዳት ነበር። ጤና ጣቢያ ሄዳ ሳልሽ ከጭሱ ነው፣ ከማገዶ ራቂ ተብላለች። እሱ ቤት ምድጃው በኤሌክትሪክ ነው፤ የምታበስለውም ሚስቱ ናት። እናቴ ደግሞ የሰው ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብሎ ምሳ መጠበቅን ከሳሉ አብልጣ ትፈራለች። አለቀሰች አልልም፣ አላለቀሰችም። ለአረፋ በዓል ተመልሰህ ና፣ ያኔ ወጥ ቤቴ ውስጥ እንጨት ሲነድ ካገኘህ ውሰደኝ አለችው። ቃሉን ስትሰጥ እኔን አላማከረችኝም። ሥራው ግን የእኔ ሆነ።

የጋዝ ሲሊንደር አቅማችን አይደለም። መብራቱም ሲፈልግ ነው የሚመጣው። እኔ ደግሞ አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ የሌለኝ ሰው ነኝ፤ ቁጭ ማለት ያሳክከኛል። ስለዚህ ሰርቦ ሄድኩ። እዚያ ከቡና መፈልፈያው ጀርባ ገለባው ኮረብታ አክሏል። ዝናብ ሲመጣ ወደ ወንዙ ይወርድና ውሃውን ያጠቁረዋል። በእንጨት ፈንታ ላንድደው፣ ልውሰድ ወይ ብዬ ስጠይቅ ዘበኛው ሁሉንም ካነሳሽልን እንመርቅሻለን አለኝ። በጆንያ ሞልቼ ሚኒባስ ላይ አስጫንኩ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ የሞኝ ነበር። ገለባውን እንዳለ ከእበት ጋር ለወስኩና እንደ ኩበት ጠፈጠፍኩት። ሲነድ እናቴ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ይዛ ወጣችና ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ትንፋሿ ሲመለስ፣ ወንድምሽ ከፍሎሽ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ገለባው መጀመሪያ መክሰል እንዳለበት የገባኝ ያኔ ነው። ግማሽ በርሜል ውስጥ ከድኜ አከሰልኩት፣ ከሸክላ አፈር ጋር አቦካሁት፣ በድልህ ቆርቆሮ እየቀረጽኩ ጣሪያ ላይ አሰጣሁት። ዝናቡ መልሶ ጭቃ አደረገብኝ። የተረፈው አልጋ ሥር ደረቀ። ከገበያ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ገዛን። ባቄላ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ ድስት ከድኖ መቀቀል ጀመርን። መስኮቱን ከፍተን አበሰልን፤ ወጡ በሰለ፣ ጭስ የለም። ተገላገልኩ ብዬ ነበር።

ጠዋት ጠዋት ግን ሳሏ አልቀረም። አንድ ቀን ቀድሜያት ልነሳ ስል ቀድማኛለች። ወጥ ቤት ስገባ አዲሱ ምድጃ ላይ ሻይ ተጥዷል። ከጎኑ በሦስቱ ጉልቻ መሃል እንጨት ይነዳል፤ ላዩ ላይ ምንም የለም።

"ይሄ ለማን ነው?" አልኳት።

"ለጎረቤት።"

በእኛ ሰፈር ጠዋት አንድ ቤት እሳት ያነዳል፣ ሌላው ገል ይዞ እየመጣ ፍም ይጭራል። ያ ቤት የእኛ ነው፤ ሳልወለድም የእኛ ነበር። የእኔ የገለባ ከሰል ግን ሲያነሱት ይፈረካከሳል፣ በሩ ጋ ሳይደርስ አመድ ይሆናል። ታዲያ ክብሪት አይገዙም ወይ አልኳት።

እናቴ ስትቆጣ ኦሮምኛዋ ይቀድማል። "ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ስሚኝ። ክብሪትማ ሁሉም ቤት አለ። እንዴት አደርሽ ብለው የሚገቡት ለክብሪት አይደለም። እሳት የለም ብዬ ከመለስኳቸው፣ እዚህ መቅረቴና አሰንዳቦ መሄዴ ምን ለየው?"

ተናድጄ ወጣሁና ገለባ ማክሰል ጀመርኩ። በዚህኛው ዙር አፈሩን አበዛሁ፣ ቆርቆሮውን በሰፊ የወተት ጣሳ ቀየርኩ፣ መሃሉን በእንጨት በሳሁት። ሲግም በሽቦ መንጠቆ ሙሉውን ማንሳት ይቻላል።

የመጀመሪያዋ ጫሪ ከጎናችን ያሉት አሮጊት ነበሩ። ገል ይዘው መጥተው ሽቦ ሳቀብላቸው አዩኝ።

"ቡናውን ሌላ ሰው ጠጣው፤ ገለባው ደረሰን በይኛ" አሉ።

"አይፈርስም እማማ፣ ይውሰዱት።"

የሞተ አይጥ በጭራው እንደያዘ ሰው ከራሳቸው አርቀው ይዘውት ሄዱ። በማግስቱ ቶሎ አይግምም፣ አፈር አፈር ይሸታል ብለው ለመክሰስ መጡ። ክሱን ጨርሰው ሌላ ወሰዱ። ሌሎቹም ተከተሉ። እኔ ግን ለሰፈሩ ሁሉ ስለፋ አልኖርም አልኩ፤ የሚጭር ሰው ሲመጣ አንድ ጣሳ የሸክላ አፈር ይዞ ይምጣ። እናቴ አፈረችብኝ። እነሱ ግን ይዘው መጡ።

በአረፋ ወንድሜ ባዶ ሻንጣ አንጠልጥሎ ደረሰ። ሰላምታ ሳይጨርስ ወጥ ቤት ገባና ጎንበስ ብሎ ጉልቻዎቹን በመዳፉ ዳሰሰ። ቀዝቃዛ ናቸው። መሃላቸው ድመት ተኝታለች። እሱ እንዳጎነበሰ አሮጊቷ በአንድ እጃቸው አፈር፣ በሌላው ሽቦ ይዘው ገቡ። ከእናቴ ጋር ደጃፉ ላይ ቆመው የሰው ሁሉ ደኅንነት እስኪጣራ ድረስ አወሩ። በመሃል እናቴ ሳለች። እኔም ወንድሜም ዞር ብለን አየናት።

"ትን ብሎኝ ነው" አለች። "በል ብላ፣ መኪና እንዳያመልጥህ።"

በላና ሄደ። ሻንጣው ውስጥ ሥጋ ከተተችለት። መንገዱን ሲታጠፍ አይታ ተመለሰችና ገለባው እያለቀ ነው፣ ነገ ሰርቦ ውረጂ አለችኝ።