ለጀልባዋ የመረጥኩት ባትሪ

ሚኒባስ በምነዳባቸው ዓመታት ደካማ ባትሪ አስፈርቶኝ አያውቅም፤ መርሳ መናኸሪያ የሚገፋ ሰው አይጠፋም። አሁን ሐይቅ ላይ ሰው የማዝናናባት የሞተር ጀልባዬ ባትሪ ሲሞትም፣ ወልድያ ሄጄ ከአዲሱ ይልቅ ያገለገለውን መረጥኩ፤ እኔ ጅሉ።

መሀል ሐይቅ ላይ ሞተሩን አጥፍቼ ቁልፉን መልሼ ባዞረው "ጠቅ" ብሎ ዝም አለ። ደግሜ አዞርኩት፤ ያው ነው። ነፋሱ ከዳር እያራቀን ነበር። ዋና አልችልም።

አብረውኝ የነበሩት የውርጌሳ ገበሬ፣ ስንት ጊዜ ሚኒባሴን የገፉልኝ አዛውንት ናቸው።

"አብሽር ልጄ፣ ወርጄ ልግፋልህ" አሉኝ።

የሚቀልዱ መስሎኝ ዞር ስል፣ ሽርጣቸውን ሰብስበው አንድ እግራቸውን ከጀልባዋ አውጥተዋል።