እርጎ ውስጥ የወደቀችው ሌንስ

ቬሊን ካራስቶያኖቭ በፕሎቭዲቭ መሬት መዝገብ ቤት ሠላሳ ዓመት ማኅተም ሲመታ ኖሮ ጡረታ በወጣ በሳምንቱ፣ ማንም ሳይሾመው የጥበብ ሰው ሆነ። የሰፈሩ የፎቶ ክበብ አባላት «ማስትሮ» ይሉታል፤ እሱም በስሙ ሲጠሩት መዞር ትቷል።

የክብሩ ምንጭ አንዲት ሌንስ ናት። ትልቅ ፊልም ከሚጎርስ የድሮ ካሜራ የተፈታች፣ ፊትን አለስልሳ እንድታነሳ ተብላ የተሠራች። ይኸው አሥራ ሁለት ዓመት፣ ሐሙስ ሐሙስ ክበቡ ሲሰበሰብ ከሱፍ ካልሲ ውስጥ እንደ ጽላት ቀስ አድርጎ ያወጣትና፣ የዛሬ ሌንስ ነፍስ የለውም፣ ቆዳ እንጂ ሰው አያይም እያለ ይሰብካል። በእሷ ፎቶ የተነሳ ሰው ሁሉ የሚፈላ ድስት ላይ ያጎነበሰ ይመስላል። አባላቱ ግን «ብርሃኗን አያችሁ?» እየተባባሉ ይመሰጣሉ።

ይህችን ሌንስ ከዲጂታል ካሜራው ጋር ያጋጠማት በቆረጣት የቧንቧ ቁራጭና በፕላስተር ነበር። ከሁለት እርምጃ በላይ የራቀ ነገር አትይዝም፤ ማስትሮው ግን ሩቅ ማንሳት የቱሪስት ሥራ ነው ይላል። እንዲህ ሲል ከርሞ፣ በአማቱ የስም ቀን፣ ስሟን የወሰደችበት ቅዱስ በሚከበርበት ዕለት ድግስ ላይ ፕላስተሩ ተላቀቀና ሌንሷ በኪያር የተሠራው ቀዝቃዛ የእርጎ ሾርባ ውስጥ ጥልቅ አለች። አማቱ ሾርባው እንዳይበላሽ በጭልፋ አወጣችለት።

በማግስቱ ወደ ስቶይና ሄደ። ስቶይና አርባ ዓመት በፋብሪካ የብረት መቅረጫ ቶርኖ ላይ የቆመች ባልቴት ናት፤ አሁን ኪዩቹክ ፓሪስ ሰፈር፣ በምትኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት የራሷን ማሽን ታዞራለች። የግራ አመልካች ጣቷን ጫፍ ፋብሪካው አስቀርቶታል። ማስትሮው ማጋጠሚያ ቀለበት ብቻ እንድትሠራለት፣ እርጎውን ከውጭ እንድትጠርግ፣ ውስጧን ግን በፍጹም እንዳትነካ ደጋግሞ አስጠነቀቃት። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ሌንሷን ፈታታ አጠበቻት።

ከሦስት ቀን በኋላ ማስትሮው ሌንሷን ከነቀለበቷ ወስዶ ግቢው ውስጥ ያለውን የወይን ሐረግ ፎቶ ሲያነሳ፣ ቅጠሉ አንድ በአንድ ተቆጠረ። ፊቱ በርበሬ መስሎ ተመለሰ።

«እትዬ ስቶይና፣ ነፍሷን አጠፋሽብኝ።»

«ነፍስ አላየሁም» አለች ማሽኗን ሳታጠፋ። «እርጎ ነበር። ከእርጎው ሥር ደግሞ ተንኖ የተጋገረ ቅባትና የሸረሪት ድር የሚመስል ሻጋታ።»

ከዚያ ካሜራውን ከነሌንሷ ተቀበለችውና ብርሃን የምታስገባበትን ቀዳዳ ስንት ላይ አድርጎ እንደሚያነሳ ጠየቀችው። እሱም በኩራት፣ ሁልጊዜ አሥራ አንድ ላይ፣ አጥብቦ፣ የባለሙያ ወግ እንዲያ ነው አላት። ስቶይና የቀለበቱን ልክ ስትለካ ሌንሷን ስትሞክራት ውላ ነበርና ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው ከፍታ ወደ አምፖሉ አዞረችለት። ካሜራው መስኮት ላይ አምፖሉ ነጠላ ለበሰ።

«ለስላሳ የምትሆነው ስትከፍታት ነው። ስታጠባት እንደ ማንኛዋም ሌንስ አጥርታ ታያለች። አንተ አሥራ ሁለት ዓመት ያነሳኸው በሻጋታ ነው።»

ማስትሮው ብረት በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። ክበቡ እንዳይሰማም ለመናት። እሷም በምትኩ አንድ ፎቶ ጠየቀችው፤ ስትሞት እንደ አገሩ ልማድ የሕንፃው በር ላይ ለሚለጠፈው የሞት ማስታወቂያ የሚሆን። የባሏ ሲለጠፍ ፎቶው ከመደብዘዙ የተነሳ፣ ግማሹ ጎረቤት አራተኛ ፎቅ ያሉት ሰውዬ የሞቱ መስሎት ሊያለቅስ ወጥቶ፣ በሩን ራሳቸው ሰውዬው ከፍተውለት ነበር።

በመጀመሪያ ቀዳዳውን ከፍቶ አነሳት። አየችና፣

«ይቺማ ደመና ናት። ሰው በሩ ላይ ሲያያት ማን ሞተ ሊል ነው?»

አጠበበው። እሷ ሥራዋን ቀጠለች፤ እሱ ዙሪያዋን ሲዞር ዋለ። ማታ ቤቱ ፎቶውን ሲያየው ሁሉም አለ፦ ቅንድቧ ላይ የተጣበቀ የብረት ብናኝ፣ የከንፈሯ ስንጥቅ፣ ያ ጎዶሎ ጣት፣ ሰውን ገምግመው የጨረሱ ሁለት ዓይኖች። ስንቱን ፊት አንስቶ አንዱንም አለማየቱ ያን ጊዜ ገባውና አፈረ። ሚስቱን ጠርቶ አሳያት፤ እሷም የማን ሥራ ነው ብላ ጠየቀችው።

ፎቶውን የክበቡ የጸደይ ኤግዚቢሽን ላይ ሰቀለው። ሥሩም «በድሮ ለስላሳ ሌንስ የተነሳ» ብሎ ጻፈ፤ ውሸት የለበትም። የክበቡ ሊቀ መንበር፣ የጥርስ ሐኪሙ ፓስካሌቭ፣ መጀመሪያ ጽሑፉን አነበቡ፤ ከዚያ መነጽራቸው የፎቶውን መስታወት እስኪነካ ጎንበስ አሉ።

«ማስትሮ፣ ይኼ ልስላሴ የት ይገኛል? ፊቷ በሕልም ውስጥ ያለ ነው የሚመስለው።»

የቀሩትም ተሰበሰቡ። አንዱ ጭጋጉን አደነቀ፤ ሌላው የዛሬ ሌንስ ይህን አይችልም አለ። ስቶይና እዚያው አጠገባቸው የሱፍ ፍሬ ትፈለፍላለች። ቬሊን ጉሮሮውን ጠረገ።

«አጥብቤ ነው ያነሳኋት። ምንም ልስላሴ የለበትም። የፊተኞቹም ቢሆኑ ሌንሷ ሻግታ ነው እንጂ…»

ሐኪሙ ሳቁ። የትልቅ ሰው ትሕትና እንዲህ ነው ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉትና፣ በሚመጣው ሐሙስ ስለ ለስላሳነት ምሥጢር እንዲያስተምር እጅ ወጥቶ በድምፅ ብልጫ ተወሰነ። ቬሊን ታስጥለው ይመስል ወደ ስቶይና ዞረ።

እሷ ግን ልጣጩን ኪሷ ከትታ መውጫውን ይዛለች።

«ኤግዚቢሽኑ ሲያልቅ ለበሩ የሚሆነውን ፎቶዬን አምጣልኝ» አለችው። «ለነገሩ አትቸኩል፤ እኔም አልቸኮልኩም።»