ሳል ይዞ ጸሎት

ባለፈው ዓርብ ቅዳሴ ላይ ከፊቴ የቆመች ሴት ሳለች። ደረቅና ረጅም ሳል ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞልቶ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈን ቆመናል፤ ዞሮ ያያት ሰው ግን የለም። አጠገቧ ያለችው ልጅ እንዲያውም ጀርባዋን መታ መታ አደረገችላት። እኔ ደሜ ፈላ። ያኔ ለእኔ ጀርባዬን መታ የሚያደርግ ሰው የት ነበር ብዬ፣ ቅዳሴውን ትቼ ወደ ቂሜ ተመለስኩ።

ያኔ ሠላሳ አልሞላኝም ነበር። በሰው ቤት የሚያልፍ ዓመት እጥፍ ይቆጠራልና ወጣትነቴ ብዬ ባወራው አትፍረዱብኝ። ኩዌት፣ ጃብሪያ ሰፈር፣ በአንዲት ማዳም ቤት እዚያው እያደርኩ እሠራለሁ። ከሳምንቱ ውስጥ ሰው የምሆነው ዓርብ ብቻ ነው። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ከሰዓት ደግሞ ፋርዋኒያ ሰፈር፣ ያገሬ ልጆች በጋራ በተከራዩት ቤት እንሰበሰባለን። በወር አንዴ የማርያም ማኅበራችን አለ። ዳቦው ይቆረሳል፣ ጽዋው ይዞራል፤ ሲያበቃም ያበላችው ሴት ጽዋውን ለቀጣይዋ ባለተራ ከእጅ ወደ እጅ ታስረክባለች። ጽዋችን ከአገር ቤት በጋቢ ተጠቅልሎ የመጣ ሸክላ ነው።

መሪያችን፣ በማኅበር ወግ ሙሴ የምንላት፣ እትዬ አስካለ ነበረች። ከሁላችንም በፊት ኩዌት የገባች፣ ስትናገር ሰው ዝም የሚልላት ሴት ናት። ዛሬም እትዬ እላታለሁ፤ አክብሮቱ ግን ከአንገት በላይ ነው።

ጽዋውን በተራዬ እንደተረከብኩ በኮሮና አገሩ ተዘጋ። ቤተ ክርስቲያን ተዘጋ፣ የዓርብ እረፍት ቀረ፣ ፋርዋኒያም ታጠረ። ማዳም በበረኪና አበደች። የበር እጀታ፣ ቲማቲም፣ የሩዝ ከረጢት ሳይቀር በበረኪና አሳጠበችኝ። ዓይኔ ቀላ፣ ጉሮሮዬ ተቃጠለ።

ማኅበሩ በስልክ ሆነ። የመጀመሪያው ዕለት ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አብሬያቸው ስጸልይ ሳሌ መጣ። አፌን በነጠላ ባፍነውም አመለጠኝ።

«ማናት የሳለችው?» አለች እትዬ አስካለ።

«እኔ ነኝ እትዬ። በረኪናው ነው።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።»

ከዚያ ስልኩ ጭጭ አለ። ከቡድኑ አስወጥታኝ ነበር፤ ሳል በስልክ የሚተላለፍ ይመስል። ማታ ላይ የድምፅ መልእክት ላከችብኝ። «ጽዋውን በበረኪና እጠቢና በር ላይ አስቀምጪው፤ የምልከው ሹፌር ይወስደዋል። በእጅሽ ግን እንዳትነኪው» ትላለች። ሳልነካው እንዴት እንደማጥበው አልነገረችኝም።

በዚህ ቢያበቃ ምናልባት እረሳው ነበር። እትዬ አስካለ በማዳም እህት ቤት የምትሠራ ዘመድ አለቻት፤ በዚያች በኩል ወሬው ማዳም ጆሮ ገባ። «ያላ፣ ፎግ» አለችኝ ማዳም፣ ወደ ላይ ማለቷ ነው። ጣሪያው ላይ የተሰበረ ወንበርና የሳሙና ካርቶን የሚከማችበት ክፍል ውስጥ ከተተችኝ። ትኩሳት አልነበረኝም፤ የለካኝም አልነበረም። አቧራው በበሩ ስር ይገባል፣ ሙቀቱ ይጠብሳል፣ ምግቤ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ይቀዘቅዛል። ማኅበርተኛ ሲታመም መጠየቅ የማኅበር ደንብ ነው። ሳምንታት አለፉ፤ አንዲትም አልደወለችም። ያን ጊዜ ብሞት የሚያለቅስልኝ እንደሌለ ገባኝ።

የጠየቀችኝ ዘይነባ ናት። የጎረቤቱ ቤት ሠራተኛ፣ የወሎ ልጅ። ጣሪያ ላይ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ አየችኝ። ረመዳን ነበርና ሳምቡሳ በፌስታል ቋጥራ በግንቡ ላይ አቀበለችኝ።

«በሽታ አለባት ተብያለሁ፤ አትጠጊኝ» አልኳት።

«ታዲያ በሽተኛ አይበላም?»

የማርያም ዕለት ይዤው የወጣሁት ጽዋ ላይ ውሃ ሞልቼ ብቻዬን ስጸልይ፣ እሷ ከግንቡ ማዶ ሆና እስክጨርስ ጠበቀችኝ። «ለዚያችም ሴትዮ ጸልዪላት» አለችኝ። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል።»

«እኔ ሳሉንም ቂሙንም ይዤ ነው የምጸልየው፤ እግዜር ይለየው» አልኳት። ሳቀች።

እትዬ አስካለ ሹፌሩን ደጋግማ ላከች። ከጣሪያው ላይ ሆኜ ባዶ እጁን መለስኩት። «ደንቡ ከእጅ ወደ እጅ ነው፤ መጥታ ከእጄ ትቀበል» አልኩ። በማኅበሩ ቀን የሻይ ብርጭቆ ስልኩ ፊት አንስታ «ጽዋችን ነው በሉ» እንዳለቻቸው ስሰማ፣ አልዋሽም፣ ያን ቀን ምግብ ጣፈጠኝ።

ማዳም ከጣሪያ አወረደችኝ፤ ቤተ ክርስቲያን ሲከፈትም በስም ተመዝግበን፣ ግንባራችን ተለክቶ፣ ወለሉ ላይ በተለጠፈው ምልክት ተራርቀን ቆምን። ትንሽ ቆይቶ ማኅበሩ ፋርዋኒያ ተሰበሰበ። እኔም ጽዋዬን ይዤ ገባሁ። ሁሉም ከጭንብሉ በላይ ዓይኑን አፈጠጠብኝ፤ ያስወጣችኝ እትዬ አስካለ ራሷ «እንኳን ደህና መጣሽ» አለችኝ፣ ምንም እንዳልሆነ።

ወጥ ቤቱ በሩ ክፍት ነው፤ ሁሉም ያየኛል። በረኪናውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጽዋው ላይ ገለበጥኩት። ፈተግኩት፣ ደጋግሜ አለቀለቅሁት፤ ሸክላ ግን ሽታ ይይዛል። ብርዙን ሞላሁበትና፣ ለሙሴ ይቀደማልና፣ መጀመሪያ ለእሷ አቀረብኩላት።

«እትዬ፣ እንዳዘዙኝ በበረኪና ታጥቧል» አልኳት። «ሳልነካው ማጠብ ብቻ አቃተኝ።»

ጽዋ እምቢ አይባልም። ጭንብሏን ዝቅ አድርጋ ተጎነጨች፤ ሽታው አፍንጫዋ ገባና ሳለች። ደጋግማ ሳለች።

«ማናት የሳለችው?» አልኩ።

ማንም አልሳቀም። እሷም ቀና ብላ አላየችኝም።

ይኸው ዓመታት አለፉ፤ ማኅበሩም አለ፣ ሁለታችንም አለንበት። ቄሱ ይቅር በይ ይሉኛል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳምና፣ ይቅርታ የሚጠይቅ አፍ እስካሁን አልመጣልኝም እላቸዋለሁ። ባለፈው ዓርብም ከቅዳሴ በኋላ ማኅበር ነበረን፤ ጽዋው ዞሮ እትዬ አስካለ ጋ ደረሰ። ከዚያ ቀን ወዲህ በረኪና ነክቶት አያውቅም። እሷ ግን ዛሬም ከመጠጣቷ በፊት ታሸተዋለች፤ እኔም ስታሸተው አያታለሁ።